አሸተን ማርያምና ጠባቂዎቿ፤ ስለ ጥገናና ስለ ጥበቃ ታሪክ የቀረበ ጽሑፍ

ከላሊበላ ከተማ በስተ ምሥራቅ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከፍ ብሎ ይታያል። ቁመቱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4200 ሜትር ስለሚበልጥ በላስታ ካሉት ተራሮች ሁሉ ራስ እርሱ ነው። የዚህ ተራራ ትከሻ ወደ ከተማይቱ ዘንበል ባለበት ስፍራ፣ 3150 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከገደሉ አለት የተፈለፈለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን አለች፤ እርስዋም አሸተን ማርያም ትባላለች። ከተማይቱ በ2500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ወደ አሸተን የሚሄድ ሰው ከስድስት መቶ ሜትር የሚበልጥ ዳገት ይወጣል። መንገዱ በእግር ወይም በበቅሎ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ በመጨረሻውም ተሳላሚው በጠባብ የአለት ስንጥቅ ውስጥ አልፎ ነው ከደጀ ሰላሙ የሚደርሰው።

ስለ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በልዩ ልዩ ቋንቋ ብዙ ተጽፏል። ስለ አሸተን የተጻፈው ግን ጥቂት ነው፤ የተጻፈውም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ስለ መንገዱ ድካምና ከላይ ሆኖ ስለሚታየው አገር ውበት የሚናገር ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ሌላ ጉዳይ ነው። ይኸውም ከአለት የተፈለፈለ ሕንጻ ለስምንት መቶ ዓመት ያህል እንዴት ሊቆይ ቻለ፣ ያቆየውስ ማን ነው፣ በዘመናችን የመጣው የሊቃውንት ጥገና ለዚህ ለቀድሞው ጥበቃ ምን ጨመረለት፣ ምንስ አጎደለበት የሚል ነው። ዓ.ም. የሚል ካልተጨመረባቸው በስተቀር እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እናሳስባለን።

፩. ስለ አመሠራረቷ

በአገሩ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ቃል፣ አሸተን ማርያምን ንጉሥ ላሊበላ እንደ ጀመራትና ከእርሱ በኋላ የነገሠው የወንድሙ ልጅ ነአኩቶ ለአብ እንደ ፈጸማት ይናገራል። ይህ ቃል በጽሑፍ ማስረጃ ገና አልተረጋገጠም፤ ነገር ግን በከንቱ የሚጣል አይደለም። የንጉሥ ላሊበላ ዘመን በአሥራ ሁለተኛው ምእት መጨረሻና በአሥራ ሦስተኛው መጀመሪያ ላይ የሚውል መሆኑ የታወቀ ነው፤ በደብረ ሊባኖስ ዘሺመዛና ወንጌል ላይ የተጻፉት የርስት ስጦታዎች ንጉሡ በ1204 እና በ1225 በዙፋን ላይ እንደ ነበረ ያሳያሉ። የዛጔ መንግሥት በ1270 ወደ ይኩኖ አምላክ ስለ ተላለፈ፣ የነአኩቶ ለአብ ዘመን በእነዚህ በሁለቱ መካከል መዋል አለበት። እንግዲህ የአሸተን ትውፊት እውነት ከሆነ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ የተፈለፈለችው የዛጔ መንግሥት ሊያልፍ በተቃረበበት ዘመን ነው ማለት ነው።

ገድለ ላሊበላ የተጻፈው ንጉሡ ካረፈ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ በአሥራ አምስተኛው ምእት እንደ ሆነ ሊቃውንት ይስማማሉ። ስለዚህ ገድሉ ንጉሡ በኋለኛው ትውልድ ዘንድ እንዴት ይታሰብ እንደ ነበረ ይመሰክራል እንጂ የጠራቢዎችን የሥራ መዝገብ አይሰጠንም። በቅርብ ዘመን የመጡት ተመራማሪዎች ደግሞ ድንጋዩን ራሱን እንደ መጽሐፍ ለማንበብ ሞክረዋል። በ2010 የፈረንሳይ ሊቃውንት በታተመ ጥናታቸው እንዳሳዩት፣ በላሊበላ አንዱ የፍልፈል ሥራ ሌላውን ቀድሞ የነበረ ፍልፈል እየቆረጠ፣ ወለሉም እየወረደ የሄደባቸው ስፍራዎች አሉ። ከዚህም የተነሣ ያ ሁሉ ሥራ በአንድ ጊዜና በአንድ ንጉሥ እጅ የተፈጸመ ሳይሆን፣ ዋሻው በሮች ያሉት ቤት፣ ቤቱም ቤተ ክርስቲያን እየሆነ በየዘመኑ የተለወጠ መሆኑን ያስረዳሉ። የእንግሊዙ ሊቅ ፊሊፕሰን ደግሞ ከሥራው አንዳንዱ ከላሊበላ ዘመን በብዙ እንደሚቀድም ገምቷል። በነገሩ ላይ ክርክሩ ገና አላበቃም።

ወደ አሸተን ስንመለስ፣ አሠራሯ በከተማይቱ ካሉት ጋር ሲተያይ ሻካራና ቀለል ያለ ነው። እንደ ቤተ ጊዮርጊስ ከአራቱም ወገን ከአለቱ የተለየች አይደለችም፤ ከፊል አካሏ ከገደሉ ጋር እንደ ተያያዘ ነው። ይህንን ያዩ አንዳንዶች ሥራው ሳይፈጸም የቀረ ነው ይላሉ። ነገር ግን በዚያ ከፍታ መሮና ዲጅኖ ይዞ የወጣ፣ ውሃና ስንቅም በጫንቃው የተሸከመ ጠራቢ ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል ማሰብ ይገባል። ሻካራነቱ የድካሙ ምስክር ነው እንጂ የጥበብ ጉድለት ነው ብሎ ለመፍረድ አያስደፍርም።

፪. ስለ አለቱና ስለ ጠላቶቹ

የላስታ አለት በጥንት ዘመን ከምድር ውስጥ የፈለቀ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ለአብያተ ክርስቲያናቱ የተመረጠው በአብዛኛው ቀይ መልክ ያለው፣ ቀዳዳ የበዛበትና ለመሮ የሚመች ዓይነት ነው። ለጠራቢው የተመቸው ይኸው ልስላሴ ግን ለጠባቂው ሸክም ሆኖበታል። አለቱ ውስጥ ያለው የሸክላ ዘር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅም ይሸበሸባል። በየክረምቱ ሲያብጥና በየበጋው ሲሸበሸብ ድንጋዩ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ውሃ ያስገባል፤ ውሃውም ስንጥቁን ያሰፋል። የዋርካና የቁጥቋጦ ሥር ደግሞ ከዚያ ስንጥቅ ገብቶ እንደ ሽብልቅ ይሠራል።

ስለዚህ የሕንጻው ታላቅ ጠላት ውሃ ነው። የጥንት ጠራቢዎች ይህንን አጥብቀው ያውቁ እንደ ነበር የሠሩት ቦይ ይመሰክራል። በላሊበላ ግቢዎቹ ዘንበል ተደርገው የተቆረጡ፣ ጣራዎቹም ውሃ እንዲያወርዱ የተዘጋጁ ናቸው፤ ዝናሙም በቦይ ተሰብስቦ ዮርዳኖስ ወደሚባለው ሸለቆ ይፈስሳል። ነገር ግን ቦይ ራሱን አይጠርግም። አንድ ክረምት ሳይጠረግ ከቀረ በደለል ይሞላል፤ ከሞላም ውሃው ወደ ግድግዳው እግር ይመለሳል። እንግዲህ ሕንጻው ገና ከተፈለፈለበት ቀን ጀምሮ ጠባቂ ያስፈልገው ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም።

፫. ስለ ጠባቂዎች ሥርዓት

በአገራችን ቤተ ክርስቲያን የሚጠበቀው በአንድ ሰው እጅ አይደለም። በአለቃው ወይም በአበ ምኔቱ ሥር ገበዙ የቤተ መቅደሱን ዕቃና ሕንጻ ይቆጣጠራል፤ ዕቃ ቤቱ መስቀሉን፣ መጻሕፍቱንና አልባሳቱን ይጠብቃል፤ ሰሞነኛው ካህን ተራው በደረሰ ጊዜ ሳምንቱን ሙሉ ከቤተ ክርስቲያን ሳይለይ ያገለግላል። መሪጌታው ማኅሌቱን ይመራል፤ ዐቃቢቷ ለመገበሪያው ስንዴውን ትለቅማለች። ጧፍ የሚያበራው፣ ደጁን የሚጠርገው፣ ከጣራው ላይ ቡቃያውን የሚነቅለው ብዙ ጊዜ ስሙ የማይጠራ ዲያቆን ወይም የቆሎ ተማሪ ነው። ይህ ሁሉ አገልግሎት ጥገና ተብሎ አይጠራም፤ ስለዚህም በጥገና ታሪክ ውስጥ አይጻፍም። ሥራው ግን ጥገና ነው።

እነዚህ አገልጋዮች በምን ይኖሩ ነበር ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በቀድሞው ሥርዓት ቤተ ክርስቲያን ጉልት ነበራት፤ የሚያገለግለውም ካህን የሰሞን መሬት ይዞ ያርስ ወይም ያሳርስ ነበር። መሬቱ የተሰጠው ለአገልግሎቱ ስለ ሆነ፣ አገልግሎቱን ያቋረጠ ሰው መሬቱንም ያጣል። በዚህ ዓይነት የሕንጻው ጥበቃና የቤተሰቡ እንጀራ በአንድ ገመድ የታሰሩ ነበሩ። የካህኑ ልጅ ከአባቱ ጋር ዳገቱን እየወጣ ሥርዓቱን የሚማረውም ስለዚህ ነው፤ ነገ የእርሱ እንጀራ ይሆናልና።

ጠባቂዎቹ ስለ ቤታቸው እስከ ምን ድረስ ይደርሱ እንደ ነበር ከጠላት ወገን የተጻፈ ምስክር አለ። የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ታሪክ ጸሐፊ የነበረው ዐረብ ፈቂህ፣ በ1530ዎቹ ኢማሙ ወደ ላሊበላ በዘመተ ጊዜ ሠራዊቱ በተራራው መንገድ በዝናምና በብርድ ብዙ እንደ ተጐዳ ጽፏል። ሲደርሱም መነኮሳቱ ሸሽተው አላገኟቸውም፤ ስለ ቤተ ክርስቲያናቸው ለመሞት ተሰብስበው ጠበቋቸው እንጂ። ይህንን የጻፈ ሰው መነኮሳቱን ሊያመሰግን የተነሣ አልነበረም፤ ስለዚህም ቃሉ ይበልጥ የታመነ ነው። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በ1520ዎቹ መጀመሪያ ላሊበላን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም አብያተ ክርስቲያናቱን በዝርዝር ጽፎ፣ በአገሩ የሚያምነው ሰው እንዳያጣ መስጋቱን ገልጿል።

ይህ ሥርዓት የተለወጠው በ1967 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የካቲት 25 ቀን የታወጀው የገጠር መሬት ዓዋጅ መሬትን ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልትና የሰሞን መሬትም አብሮ ቀረ። ገበሬው ከጭሰኝነት መላቀቁ ታላቅ ነገር ነበር፤ በዚህ ላይ የሚከራከር የለም። ነገር ግን ዓዋጁ በገመዱ አንድ ጫፍ የታሰረውን ሲፈታ፣ በሌላው ጫፍ የነበረውንም አብሮ ፈታው። ካህኑ እንደ ማንኛውም ገበሬ ድርሻውን ከማግኘት በቀር ለአገልግሎቱ የተለየ መተዳደሪያ አልቀረለትም። ከዚያ ወዲህ የላስታ አብያተ ክርስቲያናት ጠባቂዎች የሚኖሩት በምእመናን አስተዋፅኦ፣ በራሳቸው እርሻና ከጎብኚ በሚገኘው ገንዘብ ነው። ከእነዚህ ሦስቱ አንዱም የታመነ አይደለም። በ1973 እና በ1984 ወሎን ድርቅ በመታው ጊዜ እርሻውና አስተዋፅኦው አብረው ጠፉ። በ2020 ወረርሽኙ፣ በ2021 ደግሞ ጦርነቱ በመጣ ጊዜ ጎብኚው ጠፋ። በ2021 ነሐሴ መባቻ ላይ ከተማይቱ በጦርነቱ ተይዛ፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ፣ ካህናቱ ሰዓታቱንና ቅዳሴውን የሚቀጥሉበት ደመወዝ አልነበራቸውም።

፬. ስለ ጥገና ታሪክ

አሁን ወደ ሊቃውንቱ ጥገና እንለፍ። ይህ ታሪክ የአሥራ አንዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ታሪክ ነው፤ አሸተን በሩቅ ሆና የምታየው ነው።

በ1950ዎቹ አጋማሽ በተደረገው ጥገና የቤተ መድኃኔ ዓለም ውጫዊ ዓምዶች በግንብ ተተክተው ቆሙ፤ ጣራዎችና ግድግዳዎችም ዝናም እንዳያስገቡ በሬንጅ ተለብጠው በላዩ ቀለም ተቀቡ። አሳቡ ቅን ነበር፤ ውጤቱ ግን ሌላ ሆነ። ሬንጁ ከውጭ የሚመጣውን ውሃ ቢከለክልም፣ በአለቱ ውስጥ ያለው እርጥበት እንዳይወጣ ደግሞ አፈነው፤ የድንጋዩንም መልክ ሸፈነው። ከዚህ በኋላ በ1965 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የሐውልቶች ድርጅት ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቹ አንዱ አድርጎ ላሊበላን መረጠ። የኢትዮጵያ መንግሥትም በወጪው ተካፈለ። በኢጣሊያዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ መሪነት ከ1966 ጀምሮ የተሰማራው ጓድ አብዛኛውን ድካሙን ያዋለው፣ ከእርሱ በፊት የተለበጠውን ሬንጅ በማንሣትና የተደፈኑትን ቦዮች በመክፈት ነበር። ከዚህ አንድ ትምህርት ይገኛል፤ የቀድሞው ጥገና ለኋለኛው ጥገና ሥራ ሆኖ ቀረ፣ የጥንት ጠራቢዎች ቦይ ግን ሲጠረግ እንደ ቀድሞው ሠራ።

በዚያው በ1966 የጥንታዊ ቅርሶች ዓዋጅ ወጣ። በ1978 የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ከተጻፉት አሥራ ሁለት ስፍራዎች ሁለቱ የኢትዮጵያ ነበሩ፤ እነርሱም የሰሜን ተራሮችና ላሊበላ ናቸው። በመዝገቡ የገቡት በከተማይቱ ያሉት አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። አሸተን ማርያም፣ የነአኩቶ ለአብ ዋሻ፣ ይምርሐነ ክርስቶስና ሌሎቹ የላስታ አድባራት ከመዝገቡ ውጭ ቀሩ።

በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተሠሩት አራት ታላላቅ መጠለያዎች በአምስት አብያተ ክርስቲያናት ላይ ቆሙ። ለጊዜው ተብለው የተሠሩ፣ ሲፈለግም የሚነሡ ነበሩ፤ ነገር ግን ቆይታቸው ከታሰበው በላይ ረዘመ። ነዋሪው ሕዝብ ነፋስ ሲያናውጣቸው ከአለቱ ላይ እንዳይወድቁ ሰጋ፤ በ2018 ጥቅምት ወር በሰልፍ ወጥቶ ለመንግሥት አቤት አለ። በሚቀጥለው ዓመት መጋቢት ወር የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ላሊበላን በጎበኙ ጊዜ ድጋፍ ለመስጠት ቃል ተገባ፤ ከዚያም የሁለቱ አገሮች ባለሙያዎች የሚሠሩበት የጥናትና የጥገና ዕቅድ ተጀመረ። ከዚህ በፊት በ2010ዎቹ አጋማሽ በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል የተደረገው ጥገና ደግሞ ሌላ መንገድ አሳይቷል፤ በዚያ የአገሩ ሠራተኞች ሠልጥነው ስንጥቁን ራሳቸው ሞሉ፣ ጣራውን ራሳቸው አደሱ። መጠለያ ሳያስፈልግ ቤቱን በእጅ ጥበብ መጠበቅ እንደሚቻል ይህ ምሳሌ ነው።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ዓዋጅ ቁጥር 209 ደግሞ በቅርስ ላይ የሚደረግ ጥገና አስቀድሞ ከባለሥልጣኑ ፈቃድ እንዲገኝለት ያዝዛል፤ የቅርሱም ባለቤት ቅርሱን የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ሕጉ ተገቢ ነው፤ የሬንጁ ታሪክ እንዳይደገም ይከላከላልና። ነገር ግን እንደ አሸተን ባለ ስፍራ ሲታይ አንድ ጥያቄ ያስነሣል። ግዴታው በጠባቂው ትከሻ ላይ ተጭኗል፤ ግዴታውን የሚወጣበት መተዳደሪያ ግን ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ አልተተካለትም።

፭. ሕንጻና ጠባቂ

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በባሕር ዳር የሚኖሩ ሕዝቦች በደሴትና በዓለታማ ጫፍ ላይ የመርከብ መብራት ግንብ ያቆማሉ። ቀድሞ በየግንቡ ውስጥ መብራቱን የሚያበራ፣ መስታወቱን የሚወለውል፣ ሌሊቱን በተራ የሚነቃ ጠባቂ ነበረ። በሃያኛው ምእት መብራቱ በራሱ የሚሠራ ሲሆን ጠባቂው አላስፈለገም ተባለ፤ በብሪታንያ የመጨረሻዎቹ ጠባቂዎች በ1998 ተሰናበቱ። ከዚያ በኋላ የሆነው ትምህርት ሰጪ ነው። መብራቱ ማብራቱን ባያቋርጥም፣ እሳት ያልነደደባቸው ክፍሎች በእርጥበት መበስበስ፣ ያልተከፈቱ በሮችም በዝገት መታሰር ጀመሩ። ሕንጻውን ያቆየው የጠባቂው መኖር እንደ ነበር የታወቀው እርሱ ከሄደ በኋላ ነው። ዛሬ በብዙ አገሮች ማኅበራት ተቋቁመው ገንዘብ እየሰበሰቡ ግንቦቹን ያድሳሉ፤ ጠባቂውን መልሶ ማቋቋም የቻለ ግን ጥቂት ነው።

የአሸተን ነገር ከዚህ ጋር ሲተያይ ተቃራኒ ነው። በባሕሩ ዳር ግንቡ ታድሶ ጠባቂው ሄዷል፤ በተራራው ላይ ግን የሊቃውንት ጥገና ሳይደርስ ጠባቂው አለ። ስለዚህ ለአሸተን ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ መጠለያ ወይም ሲሚንቶ ከማሰብ መጀመር የለበትም። በመጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው፣ ነገ ማን ዳገቱን ይወጣል የሚለው ነው። የካህኑ ልጅ ከተማ ወርዶ አስጎብኚ ወይም ሹፌር ቢሆን የሚነቀፍበት ምክንያት የለም። አባቱ የሰሞን መሬት ነበረው፤ ለእርሱ የቀረለት ግን ዳገቱና ጥቂት ጎብኚ የሚከፍለው የመግቢያ ገንዘብ ነው።

እንዲህ ሲባል ጠባቂው ሁሉ ነቀፋ የሌለበት ነው ማለታችን አይደለም። በ1997 የላሊበላ አፍሮ አይገባ የተባለው የወርቅ መስቀል ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰርቆ ባሕር ተሻግሮ እንደ ነበርና ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደ ተመለሰ የታወቀ ነው። ያለ መዝገብና ያለ ቁልፍ በመታመን ብቻ የሚጠበቅ ንዋየ ቅድሳት ለዘመናችን ገበያ የተጋለጠ ነው። ደግሞም ጧፍና ዕጣን ሥዕሉን ያጠቁራል፤ በቅን ልቡና የተለሰነ ጭቃ ወይም ሲሚንቶ አለቱን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ጠባቂው እውቀት ሊጨመርለት ይገባል። ነገር ግን እውቀት መጨመርና በእርሱ ስፍራ ሌላ ሰው መተካት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ከዚህ ሁሉ ተነሥተን ሦስት አሳቦችን ለአንባቢ እናቀርባለን። አንደኛ፣ በመዝገብ ያልገቡት የላስታ አድባራት፣ አሸተንም ጭምር፣ በመጀመሪያ መለካት፣ መሣልና ንዋያተ ቅድሳታቸው መቆጠር አለባቸው፤ ያልተቆጠረ ነገር ቢጠፋ አይታወቅምና። ይህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ለከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎችም የተገባ የምርምር መስክ ነው። ሁለተኛ፣ በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል የታየው ዓይነት ሥልጠና ለየደብሩ ገበዝና ዲያቆናት ቢዳረስ፣ ቦይ መጥረግን፣ ሥር መንቀልንና ስንጥቅ መሙላትን በትክክል የሚያውቅ እጅ በየተራራው ይገኛል። ሦስተኛ፣ ጎብኚ በከተማይቱ ከሚከፍለው ገንዘብ በተራራው ላይ ላሉት ጠባቂዎች የታወቀ ድርሻ ቢመደብ፣ በ1967 ዓ.ም. የተፈታው ገመድ በሌላ መልክ ተመልሶ ይታሰራል።

የእመቤታችን በዓል በየወሩ በ21 ይውላል። በዚያ ቀን ማለዳ፣ ከተማይቱ ገና በጭጋግ ውስጥ ሳለች፣ ሰሞነኛው ካህን በዳገቱ ይወጣል። በክረምት ከሆነ ከቅዳሴ በኋላ ዲያቆኑ ደለሉን ከቦዩ ይዝቃል። በታሪክ መጻሕፍት ያልተጻፈው፣ አሸተንን ለዚህ ዘመን ያደረሳት ጥገና ይህ ነው፤ ወደሚመጣውም ዘመን ትደርስ እንደ ሆነ የሚወስነው፣ ያ ዲያቆን ከከርሞ ክረምት በኋላም በዚያ መገኘቱ ነው።